ማኅበር ለማቋቋም ለተነሣችሁ ወጣቶች፦ ሲልቪያ ፓንክረስት እንዴት ይሠሩ ነበር?

ውድ ልጆች፣

በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደጅ፣ ለአርበኞች በተከለለው ቦታ፣ አንዲት እንግሊዛዊት ተቀብረዋል። ሲልቪያ ፓንክረስት ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። ቀብራቸው ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በመንግሥት ሥርዓት ተፈጸመ፤ ለጸሎቱም ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጣቸው። እኛ የምናውቃቸው "የኢትዮጵያ ወዳጅ" በሚለው ስም ነው። ስሙ ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936፣ የልደታቸው ቀን ነበር፤ 54 ዓመት ሞላቸው። ስለ እኛ መጻፍ ሲጀምሩ ጋዜጣ ማዘጋጀት፣ ገንዘብ ማሰባሰብና ሚኒስትር ማስጨነቅ የቆየ ሙያቸው ሆኖ ነበር። ሙያውን የቀሰሙት በምሥራቅ ለንደን፣ በድሃ ሠራተኛ ሴቶች መካከል ነው።

የምጽፍላችሁ ስለዚያ ሙያ ነው። ድፍረታቸው በየመድረኩ ስለሚነገር እኔ አልደግመውም። ጠቃሚው ዋጋ እንዴት እንደተመኑ፣ ጋዜጣ እንዴት እንዳደሉ፣ ሚኒስትር ፊት ማንን እንዳቆሙ ማወቁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት "ዓ.ም." ካላልኩ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለዱት በ1882 በማንችስተር ነው። አባታቸው የሴቶችን መብት የሚያስከብሩ ሕጎችን በማርቀቅ የታወቁ ጠበቃ ነበሩ። እናታቸው ኤሜሊንና ታላቅ እኅታቸው ክሪስታቤል "የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት" የተባለውን ድርጅት በኦክቶበር 1903 በገዛ ቤታቸው መሠረቱ። ሲልቪያ ሥዕል ያጠኑት በማንችስተርና በለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ነው። የፍርግርግ በር ቅርጽ ያለውን፣ ከእስር ለወጡ ሰፍራጄቶች (ለሴቶች የመምረጥ መብት ለሚታገሉት ሴቶች) የሚሸለመውን ዓርማ የነደፉት እርሳቸው ናቸው።

በ1907 የሥዕል ዕቃቸውን ይዘው ወደ መካከለኛውና ወደ ሰሜን እንግሊዝ፣ ወደ ስኮትላንድም ሄዱ። በክራድሊ ሂዝ ሰንሰለት የሚቀጠቅጡ ሴቶችን፣ በዊጋን የድንጋይ ከሰል የሚለቅሙትን፣ በስታፎርድሺር የሸክላ ፋብሪካዎች፣ በሌስተር የጫማ ፋብሪካ፣ በግላስጎ የጥጥ ፋብሪካዎች የሚሠሩትን ሣሉ። ከሥዕሉ ጎን የጻፉት ማስታወሻ ነው የሚያስተምራችሁ። የሥራ ሰዓቱን፣ ክፍያውን፣ ሙቀቱን፣ አቧራውንና በሽታውን መዝግበዋል። እዚያው ክራድሊ ሂዝ በ1910 ሰንሰለት ቀጥቃጮቹ በሜሪ ማካርተር መሪነት አድማ መትተው፣ ከአሥር ሳምንት በኋላ በሰዓት 2 ተኩል ፔንስ ዝቅተኛ ደመወዝ አስከብረዋል። አድማውን ሲልቪያ አልመሩትም። ይሁንና የተሟገቱበት ነገር አንዲት ቁጥር ብቻ እንደነበረች ልብ በሉ።

እናንተም ከመፈክር በፊት ደብተር ያዙ። አንዲት ሠራተኛ "በሳምንት ይህን ያህል አገኛለሁ" ስትላችሁ የሚቀረውን ጠይቁ። ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በፍሬ፣ ማለትም በተሠራው ዕቃ ቁጥር? ክርና መርፌው ከማን ኪስ ይወጣል? ለመዘግየት ስንት ይቆረጣል? ሥራ በጠፋበት ሳምንትስ? ቤት ወስዳ ማታ የምትጨርሰው ይቆጠርላታል? ከአንዲት ሴት አፍ የሰማችሁትን ቁጥር ለብቻው አታውጡት፤ በዚያው ክፍል ከሚሠሩ ከሌሎች ጋር አመሳክሩት። አሠሪው አንዲት ስሕተት ካገኘ የሚያወራው ስለ እርሷ ብቻ ነው፤ የቀረው እውነት ሁሉ አብሮ ይወድቃል። የሠራተኛዋ ስም ደግሞ እርሷ ካልፈቀደች በቀር ከደብተራችሁ አይውጣ።

በ1912 መገባደጃ ሲልቪያ ወደ ለንደን ምሥራቅ፣ ቦው ወደተባለው ሰፈር ሄደው በቦው መንገድ ቁጥር 198 አንድ ሱቅ ተከራዩ፤ በፊቱ ላይም "ድምፅ ለሴቶች" ብለው በወርቅ ቀለም ጻፉ። ሰፈሩን የመረጡት አዝነውለት ብቻ አይደለም። ያ ሁሉ ሠራተኛ ሕዝብ በአንድ አካባቢ የሰፈረበትና ለተቃውሞ ሰልፍ ወደ ፓርላማ በእግሩ ሊደርስ የሚችልበት ትልቁ ስፍራ ምሥራቅ ለንደን ነበር። ቢሮ ስትከራዩ የምትጠይቁት ይኸው ነው፦ አባሎቻችሁ ከሥራ ሲወጡ ያልፉበታል? የሚወስነው አካል በር ጋስ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዋና መንገድ ዳር ያለ ጠባብ ሱቅ ማንም የማይወጣው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለ ሰፊ ቢሮ ይሻላል።

እናትና እኅታቸው በዚህ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ባለጸጎቹ ወይዛዝርት አዙረው ነበር፤ ገንዘቡም ዝናውም ከዚያ ይመጣል። ሲልቪያ በኖቬምበር 1913 በአልበርት አዳራሽ ፋብሪካ ለተዘጋባቸው የደብሊን ሠራተኞች ከአየርላንዱ የሠራተኞች መሪ ከጄምስ ኮኖሊ ጋር በአንድ መድረክ ቆመው ሲናገሩ ነገሩ ፈነዳ። በጃንዋሪ 1914 ክሪስታቤል ፓሪስ ድረስ አስጠርታ የምሥራቅ ለንደኑ ቅርንጫፍ ከድርጅቱ እንዲወጣ ነገረቻቸው። ሁለት ምክንያቶች ነበሯት። አንደኛው ቅርንጫፉ በአባላት ድምፅ መተዳደሩ ነው፤ ሁለተኛው ከሠራተኛው ንቅናቄ ጋር መጠጋቱ። ከራስ ቤተሰብ እንዲህ መባል ቀላል አይደለም። ሆኖም "የምሥራቅ ለንደን ሰፍራጄቶች ፌዴሬሽን" በሚል ስም ለብቻቸው ቆሙ፤ በሐምራዊ፣ በነጭና በአረንጓዴው ዓርማ ላይ ቀይ ጨመሩበት፤ ሁለት ወር ሳይሞላም፣ ማርች 8 ቀን 1914፣ የራሳቸውን ጋዜጣ አወጡ። ማኅበራት ሲከፈሉ ጉልበቱ የሚያልቀው በማኅተምና በስም ክርክር ነው። አባላቱና የቤታቸው አድራሻ ከእናንተ ጋር ካለ፣ ማኅተሙ ለሚፈልገው ይሁን።

ስለ ጋዜጣው ትንሽ ላስረዝም፤ ከሁሉም የበለጠ የሚጠቅማችሁ ይህ ይመስለኛል። "የሴት ድሬድኖት" ይባል ነበር፤ ድሬድኖት የዘመኑ ትልቁ የጦር መርከብ ነው። በሳምንት 20,000 ያህል ቅጂ ለማተም ታቀደ፤ ዋጋው ግማሽ ፔኒ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ይሸጣል፣ ከዚያ የተረፈው ቤት ለቤት በነጻ ይታደላል። ብልሃቱን አያችሁት? ሽያጩ የወረቀቱን ወጪ ሲደግፍ፣ እደላው ደግሞ የሰፈሩን በር ሁሉ ለማንኳኳት ሰበብ ይሆናል። በር ሲከፈት የባል ከሥራ መባረር፣ የልጅ ሕመም፣ የቤት ኪራይ ዕዳ ይሰማል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ዜና ያ ነው። ሠራተኛ ሴቶች ራሳቸው እንዲጽፉም ይገፋፉ ነበር፤ ጽሑፋቸው ሲታረም የአነጋገር ለዛቸው እንዳይጠፋ ይጠነቀቁ ነበር። ዛሬ በስልክ የምትልኩት መልእክት ወረቀትና ማተሚያ ቤት አያስከፍልም፤ በር ግን አያስከፍትም። በሳምንት አንድ ቀን የተወሰነ መንገድ ላይ ቤት ለቤት ዙሩ፤ የሄዳችሁበትን ቤት፣ የተባላችሁትንና የምትመለሱበትን ቀን መዝግቡ። ተመልሳችሁ ካልሄዳችሁ ባትጀምሩት ይሻል ነበር።

ስለ እስሩ አጭር ላድርገው። በ1913 መንግሥት የረሃብ አድማ የመታች እስረኛ ስትዳከም እንድትለቀቅ፣ ስታገግም ግን ተመልሳ እንድትታሰር የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ ሕዝቡ "የድመትና የአይጥ ሕግ" አለው። ሲልቪያ ከምግብ ሌላ ውኃና እንቅልፍም እየከለከሉ ራሳቸውን ያደክሙ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከወር በላይ በቱቦ በግድ ተመግበዋል። ይህንን አትቅዱ። በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ ይችላል፤ ደግሞም ያስገኘው ውጤት ሲመረመር የሠራው ረሃቡ ብቻውን አይደለም።

ማስረጃው ጁን 1914 ነው። ሲልቪያ ጠቅላይ ሚኒስትር አስክዊዝ የምሥራቅ ለንደን ሴቶችን መልእክተኞች ካልተቀበሉ እስከ ሞት ድረስ እጾማለሁ ብለው፣ ከእስር እንደወጡ፣ መቆም እያቃታቸው፣ ፓርላማው በር ላይ ተቀመጡ። አስክዊዝ እሺ አሉ። ጁን 20 የገቡት ስድስት ሠራተኛ ሴቶች ናቸው፤ ሲልቪያ አብረው አልገቡም። አንዷ ብሩሽ ሠሪ የምትሠራውን ብሩሽ ይዛ ገብታ፣ ለእርሷ የሚከፈላትንና ሱቅ ውስጥ የሚሸጥበትን ዋጋ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነገረች። መሪዋ በሩን አስከፈቱ፤ የተናገሩት ግን ጉዳዩን የሚኖሩት ናቸው። በእኛ ማኅበራት የማየው ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ይገባል፣ ሊቀመንበሩ ይናገራል፣ ከሚኒስትሩ ጋር ፎቶ የሚነሣውም ሊቀመንበሩ ነው። መልእክተኛ ስትልኩ ስድስት ሰው ይበቃል። እያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይናገር፤ አንድ ማስረጃ በእጁ ይያዝ፤ ሰባተኛ ሰው ካለ የሚባለውን የሚጽፍ ይሁን።

በኦገስት 1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀመረ። እናትና እኅታቸው ከመንግሥት ጎን ቆሙ፤ ሲልቪያ ጦርነቱን ተቃወሙ። ባሎች ዘመቱ፣ ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ የምግብ ዋጋ ናረ፤ ለወታደር ሚስት የተመደበው ተቆራጭ ደግሞ ሳምንታት ይዘገያል። ወሩ ሳያልቅ በኦልድ ፎርድ መንገድ ቁጥር 400 ባለው የሴቶች አዳራሽ "በወጪው ዋጋ" የሚሸጥ ምግብ ቤት ተከፈተ፤ ለአዋቂ 2 ፔንስ፣ ለልጅ 1 ፔኒ። ገንዘብ የሌላት ትኬት በነጻ ይሰጣታል፤ ትኬቱ በገንዘብ ከተገዛው ትኬት አይለይም። ምግብ ቤቱን ከምጽዋት የለየው ይህ ወረቀት ነው። ለድሃው ሌላ ሰልፍ ካቆማችሁለት፣ ሌላ ቀለም ካርድ ከሰጣችሁት፣ ከሁሉ በፊት የሚቀሩት የባሰ የተቸገሩት ናቸው፤ ለምን ቢባል ጎረቤት ያያቸዋል።

ለሕፃናት ወተት ማደያም ከፈቱ፤ ሐኪሞች ሕፃናቱን እየመዘኑ ይመረምሩ ነበር። ከረሃብ የተነሣ ወተት መፍጨት ያቃታቸው ሕፃናት ስለነበሩ ወተቱን ያለ ሐኪም ማደል አይበቃም ነበር። በ1915 "የጠመንጃ ሠሪዎች" የሚል ስም የነበረውን የተዘጋ መጠጥ ቤት ተከራይተው "የእናቶች" ብለው ሰየሙት፤ ቤቱ የሕፃናት ማዋያና ክሊኒክ ሆነ።

ከሁሉ የሚመስጠኝ የመጫወቻ ፋብሪካው ነው። እንግሊዝ አሻንጉሊት የምታስመጣው በብዛት ከጀርመን ነበር፤ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋ፣ ሱቆቹ ባዶ ቀሩ። ሲልቪያ በዚያ ክፍተት ገብተው በ1914 መገባደጃ ሥራ ላጡ ሴቶች አነስተኛ ፋብሪካ ከፈቱ፤ ከእንጨት የሚሠራውም፣ በጨርቅ የሚሞላውም አሻንጉሊት ሰልፍሪጅስ እስከተባለው ትልቅ የለንደን መደብር ድረስ ገበያ አገኘ። ደመወዙን ልብ በሉ። በዚያው ጊዜ በንግሥቲቱ ስም የተከፈቱት የሴቶች የሥራ ክፍሎች በሰዓት 3 ፔንስ፣ በሳምንት ቢበዛ 10 ሽልንግ ይከፍሉ ነበር። ሲልቪያ ያንን ጉልበት ብዝበዛ ብለው አወገዙና በራሳቸው ፋብሪካ በሰዓት 5 ፔንስ ወይም በሳምንት 1 ፓውንድ ከፈሉ፤ 1 ፓውንድ 20 ሽልንግ ነው፣ እጥፍ መሆኑ ነው። "ሥራ ፈጠርን" የሚል ማኅበር ሁሉ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ትከፍላላችሁ ተብሎ ነው። ከምትቃወሙት አሠሪ ያነሰ የምትከፍሉ ከሆነ በጎ ዓላማችሁ ሠራተኛዋ ላይ የተጫነ ሌላ ቀንበር ነው።

ይህ ሁሉ ደካማ ጎንም ነበረው። ገንዘቡ ባመዛኙ ከጥቂት ለጋሾች ይመጣ ነበር፤ የሒሳብ ሹሟ ኖራ ስሚዝ የወረሱትን ሀብት እዚያ ላይ አፍስሰዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። አንድ ለጋሽ ከወጪያችሁ ግማሹን ከሸፈነ፣ የሚታመምበትን ወይም የሚቀየምበትን ቀን ዛሬውኑ አስሉ፤ ከአባላት የሚሰበሰበው ትንሽ መዋጮ ቢያንስ ኪራዩንና ወረቀቱን ይቻል። ሌላው፣ እርዳታ ጊዜ ይበላል። ምሳ የሚያበስል ሰው ሰልፍ ለመጥራት አይበቃም። ሲልቪያ ይህንን ለማካካስ የእርዳታውን ሥራ ለጥያቄ ተጠቀሙበት። ተቆራጩ የዘገየባት ሴት ምግብ ስትመጣ ጉዳይዋ ይመዘገባል፣ ደብዳቤ ይጻፍላታል፣ መልስ ካልመጣ ጋዜጣው ላይ ይወጣል። በ1915 የወታደርና የመርከበኛ ሚስቶች መብት ማኅበር የተቋቋመውም በዚህ ጎዳና ነው።

የሕግ ቃል ላይ ደግሞ ንቁ ነበሩ። በ1915 ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ በጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሚገቡ ሴቶች በፍሬ የሚከፈለውን ከወንዶች እኩል ያገኛሉ ብለው ቃል ሰጡ፤ ብዙው ሰው አጨበጨበ። ሲልቪያ የጎደለውን አዩ፤ በሰዓት ስለሚከፈለው አልተነገረም። በሰዓት ክፍያ ዝቅ ብላ የምትቀጠር ሴት በዚያ ቃል አትጠቀምም። ስለዚህ የስምምነት ረቂቅ ሲሰጣችሁ የተጻፈውን ካነበባችሁ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ስላልተጻፈው አንብቡ። የሙከራ ጊዜ፣ ትርፍ ሰዓት፣ የወሊድ ፈቃድ፣ በጊዜያዊ ውል ያሉት። የሚወድቀው ሁልጊዜ ያልተጠቀሰው ወገን ነው።

የ1918ቱ ሕግም እንዲሁ ነበር። የመምረጥ መብት የተሰጠው ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑ፣ ያውም የንብረት መመዘኛ ለሚያሟሉ ሴቶች ነው። በጥይት ፋብሪካ ሲደክሙ የነበሩት ወጣት ሴቶች ውጭ ቀሩ፤ እኩልነቱ የመጣው በ1928፣ በ21 ዓመት ነው። ሲልቪያ ለጎደለው ሕግ አላጨበጨቡም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ጋዜጣው በ1917 "የሠራተኛ ድሬድኖት" ሆነ። ሲልቪያ ሞስኮ ሄደው በ1920 ሌኒንን ተከራከሩ፤ በዚያው ዓመት ጋዜጣው ባወጣው ጽሑፍ ስድስት ወር ተፈረደባቸው፤ በ1921 ደግሞ ጋዜጣቸውን ለእንግሊዝ ኮሚኒስት ፓርቲ ቁጥጥር አላስረክብም ስላሉ ከፓርቲው ተባረሩ። በ45 ዓመታቸው ያለ ጋብቻ ወንድ ልጅ ሲወልዱ እናታቸው ፊት ነሷቸው። ያ ልጅ በኋላ የእኛው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነው።

ኢትዮጵያ ስትወረር ያደረጉት ነገር የቦው አሠራር ነው፣ ቦታው ብቻ ተለወጠ። በሜይ 1936 "ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ" የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመሩ፤ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ከነበሩት ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጋር ይመካከሩ ነበር። የመርዝ ጋዙንና የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ እየተከታተሉ ጻፉ። ሌላው ጋዜጣ ወደ አዲስ ወሬ ሲሄድ እርሳቸው ያንኑ ወሬ ለሃያ ዓመት ያዙ። ከነጻነት በኋላም አላቆሙም፤ እንግሊዝ በኤርትራ ወደቦች የነበሩ ሕንጻዎችንና ዕቃዎችን ስታፈርስና ስታነሣ የራሳቸውን መንግሥት በጽሑፍ ከሰሱ። ነርስ ለነበሩት ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል እንዲሠራም ገንዘብ አሰባሰቡ።

በ1956 ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገብተው "ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር" የተባለ ወርኃዊ መጽሔት መሠረቱ። የመጡት በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶች የመምረጥ መብት ባገኙ ማግስት ነበር፤ በ1957 በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ አርበኛዋ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ ገቡ። ይሁንና በሰፍራጄትነታቸው የሚያኮሩት እኚህ ሴት እዚህ ላይ ያሳዝኑኛል። በለንደን ሚኒስትሮች ላይ ያሳዩትን ጠያቂነት በቤተ መንግሥቱ ላይ አላሳዩም። በስደት ያወቋቸውን ንጉሠ ነገሥት ከልብ ያከብሩ ነበር፤ አክብሮቱ የገባርነትን ሥርዓት የሚያይ ዓይናቸውን ጋረደው። የሠራተኛ ማኅበር የሚፈቅድ ሕግ በሀገራችን የወጣው እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1962 እና በ1963 ነው።

ይህ በእናንተም ላይ ይመጣል፤ አብሯችሁ የታገለ ሰው አንድ ቀን ሹመት ያገኛል። ያን ጊዜ ወዳጅነቱን አታፍርሱ፤ ከመሾሙ በፊት አብራችሁ የጻፋችሁትን የጥያቄ ዝርዝር ግን ከነቀኑና ከነፊርማው አስቀምጡ። ቢሮው ስትገቡ ስድስት ሆናችሁ፣ ዝርዝሩን ይዛችሁ ግቡ።